ሙሽሪት አልበላም አለች

በአብያታ ጣቢያ ሳይመዘን ቁርስ የሚቀርብለት የለም፤ ወፍም ይሁን ሰው ሕጉ አንድ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሠራተኛው ከምግብ አዳራሹ በር ላይ ይሰለፍና አንድ በአንድ የሚዛኑ ሰሌዳ ላይ ይወጣል። ሰሌዳው ኪሎውን አይቶ ስንት ጭልፋ እንደሚገባው ይነግረዋል። ባዶ ሳህኑን መልሶ ካላሳየ ደግሞ የመውጫው በር አይከፈትለትም። መጀመሪያ ሰሞን "እኛ ደግሞ ሰንጋ ነን እንዴ?" ያሉ ነበሩ። ይኸው ዘጠኝ ዓመት አለፈው። ዛሬ ሰው የሚያጉረመርመው ሰሌዳው ሲበላሽ ነው፤ ስንት መብላት እንዳለበት የሚነግረው ያጣል።

ኩለኒ ቱፋ የዚህ ጣቢያ የወፍ መጋቢ ናት። የቡልቡላ ልጅ ናት፤ አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ነገር ማየት የምትወድ፣ ያየችውን ደግሞ ሳትጠይቅ የማታልፍ ሴት። እናቷ በሕይወት ሳሉ "ይቺ ልጅ እንቁላል ሲሰጧት ዶሮዋ የት አለች ትላለች" ይሉ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወፍ ስትመግብ ኖራለች። ሐይቅ የሚባለው አሁን በቧንቧ ውኃ የሚረጥብ አራት ሔክታር ጭቃ ነው፤ ዙሪያውንም ላዩንም መረብ ከድኖታል። ከመረቡ ወዲያ ዓይን እስኪደክም ድረስ ነጭ የጨው ሜዳ ነው። ነፋስ ሲነሣ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይሸፍናል፤ ሲቆም ይገልጣል። ማንም ልብ አይለውም።

ወፎቹ ትንንሽ ናቸው። ቀጭን ረጅም እግር፣ ጫፉ ወደ ታች ጎበጥ ያለ ረጅም ማንቆር፤ ጭቃውን እየወጉ ትል ይለቅማሉ። መስከረም ላይ መረቡ ተከፍቶ ከዓለም ሰሜን ጫፍ ይመጣሉ፤ ሚያዝያ ሲገባደድ እንቁላል ሊጥሉ ወደዚያው ይመለሳሉ። ሲመጡ ማንም ምንም አይጠይቃቸውም። ለመሄድ ግን ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ክብደታቸው ከስልሳ ግራም ወደ መቶ መድረስ አለበት፤ ነፋሱ ከኋላ የሚገፋ መሆን አለበት፤ ባሕሩንና በረሃውን ተሻግሮ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ተቀባይ ጣቢያም "ላኩ" ማለት አለበት። ድሮ በመንገድ የሚያርፉበት ረግረግ ነበረ ይባላል። አሁን የለም። አንዴ ከተነሡ ሦስት ቀን ሙሉ ሳይበሉ፣ ሳይጠጡ፣ ሳያርፉ መብረር ነው። እስከ ሚያዝያ ሠላሳ ፈቃድ ያላገኘች ወፍ የክንፏ ላባ ተቆርጦ ቋሚ ቤት ትገባለች። ከቋሚ ቤት የወጣች ወፍ የለችም።

ጭንቁ ግን የሚላኩትም አለመድረሳቸው ነው። ካቻምና ከሺህ ሁለት መቶ ወፎች አራት መቶ ስልሳ ደረሱ። አምና ሦስት መቶ አርባ። እንዲህ ከቀጠለ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚመዘን ወፍ አይኖርም፤ ይህን ከዘበኛው እስከ ኃላፊው የማያውቅ የለም። ምክንያቱ የስንቅ ማነስ ነው ተባለ። ስለዚህ በየዓመቱ ምግቡ ይጨመራል። በየዓመቱ ብዙ ይበላሉ፤ በየዓመቱ ጥቂት ይደርሳሉ።

ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት ማክሰኞ ጠዋት ምግብ አልነካም አለች።

ትንሿ ሰሌዳዋ ላይ ወጣች፤ አንድ መቶ አራት ግራም። የትል ሳጥኑ ተከፈተላት። አየችው፤ ጥላው ሄደች።

"ምነው እሜቴ?" አለች ኩለኒ ጎንበስ ብላ። "ትናንት የጎረቤትሽን ድርሻ ጭምር ስትሰለቅጪ አልነበር?"

ወፏ ዞር አላለችም። ኩለኒ አንድ ወፍራም ትል በመቆንጠጫ ይዛ ተከተለቻት። "ብዪ እንጂ በሞቴ! አንዲት ብቻ! አፈር ስሆን!" ወፏ ማንቆሯን ወደ ጎን መለሰች፤ ሰው ሁሉ እያያት አልበላም እንደምትል ሙሽራ።

"ሙሽራ ሆነሻላ!" ብላ ኩለኒ ሳቀች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሙሽሪት አለቻት።

ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። በጣቢያው ሕግ ወፍ አንድ ቀን ተኩል ካልበላች ሰሌዳው ላይ ያለው የቁጥሯ መብራት ይቀላል። መብራቷ የቀላ ወፍ ክሊኒክ ትወሰዳለች፤ እዚያም በጉሮሮዋ ቱቦ ገብቶ ትመገባለች። የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ሶስና ናት፤ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ድምፅዋ እንኳ የማይሰማ ልጅ። ጨካኝ እንዳትመስላችሁ። ቱቦውን በመዳፏ አሙቃ ነው የምታስገባው። "አይዞሽ የኔ እናት፣ ትንሽ ናት፣ ይቺን ብቻ፣ አፈር ስሆን" እያለች ነው የምታጎርሳቸው። የሰው ልጅ ናት፤ እንግዳ ከቤቷ ባዶ ሆዱን አትሸኝም። ወፍም ብትሆን እንዴት አድርጋ ለዚያ ሁሉ መንገድ ባዶ ሆዷን ትሰዳታለች?

ኩለኒን ግን አንድ ነገር ከነከናት። የታመመች ወፍ ኩርምት ትላለች፤ ላባዋ ይነፋል፤ ዓይኗን ትጨፍናለች። ሙሽሪት ዓይኗ ቦግ ብሏል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በመረቡ የሰሜን ጥግ ወዲያና ወዲህ ትላለች፣ ትዘላለች፣ ክንፏን ዘርግታ ታጥፋለች፣ አጠገቧ የመጣውን ትነክሳለች። ብቻዋንም አይደለችም። ኩለኒ ቆጠረች፤ ስምንት ናቸው። ስምንቱም መብላት ያቆሙ፣ ስምንቱም ከመቶ ግራም በላይ የሆኑ።

"ይሄ ምን ዓይነት በሽታ ነው፣ ወፍራም ወፍራሙን መርጦ የሚይዝ?" አለች ለራሷ።

ረቡዕ ጠዋት ጥያቄዋን ይዛ ኦቦ ገመዳ ዘንድ ሄደች። ኦቦ ገመዳ የጣቢያው ዘበኛ ናቸው፤ ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ በቆጂ ተወልደው በወጣትነታቸው ማራቶን የሮጡ። ዛሬም ሲሄዱ ቀጥ እንዳሉ ነው። ሰሌዳው በየጠዋቱ ስልሳ ሁለት ኪሎ ይላቸዋል፤ እውነተኛው ኪሏቸው ግን ሃምሳ ስምንት ነው። ቀሪው አራት ኪሎ ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ያለ ድንጋይ ነው። ያለ ድንጋዩ ከስተዋል ተብሎ ሁለት ጭልፋ ይጨመርባቸዋል። ይህን ጣቢያው ሁሉ ያውቃል፤ ሰሌዳው ብቻ አያውቅም።

"ኦቦ፣ ጤነኛ ሰው ለምን ምግብ ይጠላል?"

"ስለጠገበ ነዋ! ይሄም ይጠየቃል?"

"አንድ ቀን ሙሉ? እግሩም አላርፍ እያለ?"

ኦቦ ገመዳ ቀና ብለው አዩዋትና ሳቁ።

"ስሚ" አሉ። "ለአገር የሚመረጥበት ሩጫ ነበር። ዋዜማውን ሆዴ ተዘጋ። ምግብ ሳይ ያቅለሸልሸኛል፤ መቀመጥ አልችል፣ መቆም አልችል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ልጄ ሊሞትብኝ ነው ብላ ጠዋት ገንፎ አገንፍታ መጣች። በሞቴ ስትል እምቢ አልኳት። በጠባኸው ጡቴ ስትለኝ ግን በላሁ፤ እንዴት አድርጌ እምቢ ልበል? ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ገንፎው ከነቅቤው ወጣ። አስፋልት ላይ ተንበርክኬ ቀረሁ።"

"ኧረ በሞትኩት!"

"እናቴ እስክትሞት ድረስ ያሸነፈህ የአሰላው ልጅ ነው ትለኝ ነበር። የአሰላው ልጅ ምን አደረገ! ያሸነፈኝ የእሷ ገንፎ ነው።" ከዚያ እጃቸውን ወደ ካፖርታቸው ሰደዱ፤ ከድንጋዮቹ መካከል በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። "እንኪ፤ ይቺን ደግሞ ዛሬ ከጨው ሜዳው ላይ አነሣኋት። እሑድ ከተለቀቁት አንዷ ናት። ስምንት ኪሎ ሜትር እንኳ አልሄደችም።"

በጣቢያው የሞተ ወፍ ይመዘናል እንጂ አይከፈትም። ኩለኒ ግን ዶሮ ስትበልት ያደገች ሴት ናት። ቅዳሜ ከመረቡ ጋር ተጋጭታ የሞተች ሌላ ወፍ በማቀዝቀዣ ውስጥ ነበረች፤ ያቺም ከመሞቷ በፊት አንድ ቀን አልበላም ብላ ነበር። ኩለኒ ሁለቱን ጎን ለጎን ጣውላ ላይ አጋደመችና ቢላዋዋን አነሣች። ኦቦ ገመዳ በሩ ላይ ቆሙ።

ከጨው ሜዳው የመጣችው በክሊኒክ የተቀለበች ነበረች። ሆዷ ጢም ብሏል፤ አንጀቷ እንደ እርጥብ ገመድ ተጠቅልሎ ግማሽ ገላዋን ይዟል። ከመረቡ ጋር የተጋጨችውን ስትከፍት ግን ሆዷን ፈልጋ አጣችው። ደግማ ስትፈልግ ባቄላ የምታክል ነገር አገኘች። አንጀቷም ሟሽሿል። ደረቷ በሥጋ ተሞልቷል፤ ከቆዳዋ ሥር ስቡ እንደ ቅቤ ተነጥፏል፤ ልቧ የሌላዋን ልብ አንድ ተኩል ይሆናል።

"ወይ ጉድ! ወይ ጉድ!" አለች ኩለኒ። "ኦቦ፣ ይምጡ ይዩልኝ! አልታመመችም እኮ። ስንቋን ቋጥራ ጨርሳለች። ልትሄድ ስለሆነ ሆዷን አሳንሳ፣ ልቧን አሳድጋለች።"

"ስንቅ ከተቋጠረ ድስት ተሸክሞ መንገድ የሚወጣ አለ?" አሉ ኦቦ ገመዳ።

"እኛ እናሸክማቸዋለና! ድስቱን ከነወጡ!" አለችና ጣውላው አጠገብ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንቱን ወፍ በገዛ እጇ ክሊኒክ እንዳደረሰች መቁጠር ጀመረች፤ ተወችው።

ዶክተር ሶስና ኩለኒ ክሊኒክ ያመጣቻቸውን ሁለቱን ወፎች ጎንበስ ብላ አገላብጣ አየች።

"እትዬ ኩለኒ፣ ሁለት ወፍ አይተው ነው?" አለች።

"ሁለት መቶ አምጪልኝ፣ ሁለት መቶ እከፍትልሻለሁ።"

"ጣቢያዎቹን ለሚያዘው ማዕከል ልጻፍ። መልሱ ሰኔ ላይ ይመጣል።"

"ሙሽሪት ዛሬ ማታ መብራቷ ይቀላል፤ አንቺ ሰኔ ትይኛለሽ?"

"ተሳስተው ቢሆንስ?" የሶስና ድምፅ እንደ ልማዱ ዝቅ ያለ ነው። "ስምንቱም ባሕር ላይ ያልቃሉ። በረሃብ። እኔ አስርቤ ልልካቸው አልችልም፤ ሕጉም አይፈቅድልኝ፣ ልቤም አይችል።"

ኩለኒ ተመልሳ ሄደች። ነፋሱ ሐሙስ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዞራል ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተነግሯል፤ በሩ የሚከፈተው ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ የስምንቱ መብራት እንዳይቀላ ማድረግ ነበረባት። ደግሞስ መላው ከኦቦ ገመዳ ካፖርት የራቀ ነው እንዴ? ከመረቡ ሥር የጨው ጠጠር ለቀመች፤ እንደ ምስር ያሉ፣ እንደ ሽንብራ ያሉ። ወፎቹ ሰሌዳቸው ላይ ሲወጡ አንድ ጠጠር አጠገባቸው ጣል ታደርጋለች፤ ሳጥኑ ሲከፈት ትሉን በእጇ ዝቃ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ትከታለች። ሰሌዳው ክብደቷ ጨመረ፣ በላች ብሎ ይጽፋል። በሥራ ዘመኗ አንዲት ግራም ያላጭበረበረች ሴት በአንድ ቀን ተኩል ስምንት ወፍ በሐሰት አበላች። ከተያዘች ሥራዋ ማለቁ ነው፤ ከተሳሳተች ደግሞ የስምንት ነፍስ ዕዳ አለባት፤ የባሰው እሱ ነው።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ሶስና ከኋላዋ መጥታ ቆመች።

"እትዬ ኩለኒ" አለች።

"አቤት ዶክተር?"

"ሽርጥዎ ይንቀሳቀሳል።"

ኩለኒ ወደ ታች አየች። እውነትም ኪሷ ይርመሰመሳል፤ አንድ ትል አፋፉን ወጥቶ ወደ ክንዷ ጉዞ ጀምሯል። በሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም በሳቅ በሞቱ ነበር።

"አሁኑኑ ማሳወቅ አለብኝ" አለች ሶስና። "ዝም ካልኩ እኔም አብሬ ነው የምባረረው።"

"እሺ አሳውቂ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ካንቺዎቹ ስንቱ ይደርሳሉ?"

የሶስና ዓይን እንባ ሞላ።

"በእጄ እኮ ነው የማጎርሳቸው" አለች።

"አውቃለሁ የኔ ልጅ። ኦቦ ገመዳንም ያጎረሷቸው እናታቸው ናቸው።"

ሶስና የገመዳን ታሪክ አታውቅም ነበር። ኩለኒ ነገረቻት፤ ገንፎውን፣ አስፋልቱን፣ የአሰላውን ልጅ። ሶስና ሰምታ ስታበቃ ወደ ክሊኒኳ ሄደች። ታሳውቅ አታሳውቅ ኩለኒ አላወቀችም። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ የክሊኒኩን በር ስታይ ዋለች።

ፀሐይ ወደ መጥለቁ ስታዘነብል ደወል ተደወለ፤ ሠራተኛው ሁሉ እንደ በዓል ቀን ከመረቡ ፊት ተሰበሰበ። ሊለቀቁ የተዘጋጁት ሦስት መቶ ስምንት ናቸው፤ ሦስት መቶዎቹ በክሊኒክ ተቀልበው የወጡ፣ ስምንቱ የኩለኒ። የወፎቹ መብራት በየተራ ከመረቡ በር ላይ በራ። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። አራት መቶ አሥራ ሰባትም አረንጓዴ። ኩለኒ ዞር ብላ ሶስናን ፈለገቻት። ሶስና ከሁሉም ኋላ ቆማ ጫማዋን ታያለች።

መረቡ ተጠቀለለ። መጀመሪያ ሙሽሪት ተነሣች። አንዴ ዞረች፣ ሁለቴ ዞረች፣ ቀጭን ድምፅ አሰማች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። ሰሜን የት እንደሆነ ማን ነገራት? በጫጩትነቷ ትታው የመጣችው አገር አይደለም ወይ? ኩለኒ ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ጠይቃዋለች፤ ዛሬም ጠየቀችው። ከዚያ ወፎቹ ነጥብ ሆኑ፤ ነጥቡም ጠፋ፤ ሠራተኛው ለእራት ሊመዘን ሄደ።

አርብና ቅዳሜ ኩለኒ እህል አልወርድ አላት። ሰሌዳው ሦስት ጭልፋ አዘዘላት፤ አንዱንም መዋጥ አቃታት፤ የመውጫው በር አልከፈት አላት። ኦቦ ገመዳ ባዶ ሳህናቸውን አሳይተው ከወጡ በኋላ ተመልሰው ገቡና ሳህኗን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ገለበጡላት። "ድንጋዩም ወጥ ይቅመስ" አሏት።

በእያንዳንዷ ወፍ ጀርባ ላይ የታሰረው ማስተላለፊያ የሚልከው የልብ ምት በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በትንሽ መብራት ይታያል። ቅዳሜ ጠዋት ከቀይ ባሕር ወዲያ መብራቶቹ መጥፋት ጀመሩ። ሰው ምግቡን እያኘከ ያያል። የለመደ ነገር ነው። ኩለኒ የምታየው ስምንቱን ብቻ ነበር። እሑድ ጠዋት ስምንቱም ይበራሉ፤ ከሦስት መቶዎቹ መቶ እንኳ አልቀሩም።

እሑድ አሥር ሰዓት ከተቀባዩ ጣቢያ የመጀመሪያው ዝርዝር መጣ። ሶስና እያነበበች ኩለኒ በጣቷ ቆጠረች። እስኪመሽ ከስምንቱ ሰባቱ ደረሱ። ሰባት! አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው አጨበጨበ። ከሦስት መቶዎቹ የደረሱት ሰማንያ አንድ ናቸው።

"አራት መቶ አሥራ ሰባትስ?" አለች ኩለኒ።

"አልመጣም።"

"መብራቷስ?"

ሶስና ግድግዳውን አየች። "ጠፍቷል፣ እትዬ።"

ሰባት ደርሰውላት፣ እውነቱም ታውቆላት፣ ኩለኒ አልጋዋ ላይ ፊቷን ግድግዳ አስይዛ አደረች። ልጅ አይደለችም፤ ወፍ እንደምትሞት ታውቃለች። ግን "ብዪ በሞቴ" ስትላት አልበላም ብላ ያስተማረቻት ያቺ ነበረች።

ሰኞ ጠዋት ቁርስ ሰልፍ ላይ ቆማ ሶስና ስትሮጥ አየቻት። ሶስና ስትሮጥ ታይታ አታውቅም። ወረቀት ይዛለች፤ ከሩቅ ነው ማንበብ የጀመረችው።

"ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት! ማስተላለፊያዋ በመንገድ ወድቋል፤ በእግር ቀለበቷ ነው ያወቋት! ሃምሳ ሁለት ግራም! ንጋት ላይ ደረሰች፤ ቆማ እንቅልፍ ወሰዳት፤ አሁን..." ትንፋሽ አጠራት።

"አሁን ምን?"

"አሁን እየበላች ነው።"

ኩለኒ ሰሌዳው ላይ እንደቆመች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሰሌዳው እንባውን አልቆጠረውም። ሦስት ጭልፋ አላት፤ ሦስቱንም በላች፤ አራተኛ ጠየቀች፤ ተከለከለች።

የዚህ ነገር ደስታው አንድ ቀን ነው የቆየው። ማክሰኞ ጠዋት ከማዕከሉ ትእዛዝ መጣ። የስምንቱን ወፎች ነገር ሶስና ሰኞ ጽፋላቸው ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰኔን ሳይጠብቁ መለሱ። በተገኘው አበረታች ውጤት መሠረት ከዛሬ ጀምሮ ለቀሩት ስምንት መቶ ወፎች ሁሉ ለሁለት ቀን ምግብ ይቋረጥ፤ የትል ሳጥኖቹም በሰሌዳው ይቆለፉ ይላል።

ኩለኒ ደግማ አነበበችው። "ለሁሉም?" አለች። "ሰባ ግራም ለሆነችውም? ትናንት ስንቅ መቋጠር ለጀመረችውም? ወይኔ ጉዴ! ትናንት በግድ አብሉ፣ ዛሬ በግድ አስርቡ!" ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ወደ ጭቃው ሮጠች።

ሶስና ቀድማት ደርሳ ነበር። ጭቃው ላይ ተንበርክካ የመጨረሻውን ሳጥን በቢላዋ እየፈለቀቀች ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል። ትንንሾቹ ሰሌዳዎች ተገልብጠው ጭቃ ውስጥ ተደፍተዋል። ወፎች በዙሪያዋ ይራወጣሉ፤ የሚበላው ይበላል፤ አሥር አሥራ አምስት የሚሆኑት ደግሞ ሳጥኑን ዞር ብለው ሳያዩ የሰሜኑ ጥግ ላይ ይዘላሉ።

ሶስና ቀና አለች። ጉንጯ ላይ ጭቃ አለ።

"እትዬ ኩለኒ፣ የትኞቹን ላብላ፣ የትኞቹን ልተው?"

"እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?" አለች ኩለኒ አጠገቧ እየተቀመጠች። "እነሱን ጠይቂያቸው እንጂ።"

ከምግብ አዳራሹ የቁርስ ደወል ተደወለ። አንዴ ተደወለ፣ ሁለቴ ተደወለ። ሁለቱም አልራባቸውም ነበርና አልሄዱም።